የተከራየ ወላጅ፦ የአንድ የማታ ተማሪ ጉዳይ

ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ "እንደምን አመሻችሁ" አለና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዳይሬክተሯ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችው።

"የልጁ አባት እርስዎ ነዎት?"

"አዎን፣ እኔ ነኝ።"

"ልጅዎ በሳምንት ሁለት ቀን ይቀራል። ሲመጣም አርፍዶ ነው። ያውቃሉ?"

ሰውየው ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ ወለሉን ያያል። "እንግዲህ… እቀጣዋለሁ" አለ ሰውየው በመጨረሻ፤ ድምፁ ግን የሚቀጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

የክፍሉ ስም ጠሪ ስለሆንኩ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ዓይኔ ያረፈው የሰውየው ጣቶች ላይ ነው። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ቀለም ገብቶ ደርቋል፤ አውራ ጣቱ ላይ ቡናማው በጥቁሩ ላይ ተደርቧል። እነዚህን እጆች አውቃቸዋለሁ። ጊዮርጊስ አካባቢ ጫማዬን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርገውልኛል። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ልጁ ደግሞ አሥራ ስምንት። በኋላ እንደሰማሁት ለዚያ ምሽት አባትነት 100 ብርና አንድ እራት ተከፍሎታል።

ዳይሬክተሯ ነቅታበት ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። ቅጹን አቀረበችለት፤ ፈረመ፤ ልጁ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

"ወላጅ ይዘህ ና" የምትለዋ ትእዛዝ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ከአፌ ጠፍታ አታውቅም። ያን ምሽት፣ 2016 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ ወላጁ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖር ልጅ ምን እያልኩት እንደከረምኩ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ የዚህን ልጅ ነገር ጠጋ ብዬ ተከታተልኩ። የልጁንም የት/ቤቱንም ስም አልጽፍም። ት/ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ከአራት ኪሎ በእግር ይደረስበታል፤ ቀን መደበኛ ተማሪ፣ ማታ ሥራ ውሎ የሚመጣውን ያስተምራል። ይህ ይበቃል።

"አስተምረዋለሁ"

ልጁ ወላይታ ነው። "ስደተኛ ተማሪ" ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ድንበር ተሻግሮ የገባ ሰው ነው። እሱ ግን ከገዛ አገሩ አልወጣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመዘዋወርና የመኖር ነፃነት እንዳለው ይናገራል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው። በሕግ በኩል ልጁ ምንም አልጎደለበትም። የጎደለው ሌላ ወረቀት ነው።

የመጣው 8ኛን አልፎ በ2013 ዓ.ም. ነው። ቤታቸው ጓሮ እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ ወዲያ ያለችው ማሳ በአባትየው ወንድሞች መካከል ተከፋፍላ ያለቀች ናት። ወላይታ የገጠር ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ ለአራተኛ ወንድ ልጅ ተቆርሶ የሚሰጥ መሬት ማግኘት ዘበት ነው። አጎቱ "አዲስ አበባ ወስጄ አስተምረዋለሁ" ብሎ ከወላጆቹ ተቀበለው። አጎትየው ግን ያለው የሊስትሮ ሣጥን ነበር። ይህ ለፒያሳ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። እዚያ አካባቢ ጫማ የሚጠርግ፣ ማስቲካና ሶፍት በአንገቱ አንጠልጥሎ ሱቅ በደረቴ የሚሠራ ልጅ ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁት ከበስተጀርባው አንድ "አስተምረዋለሁ" አታጡም።

ሁለት ዓመት ግድም ከትምህርት ውጭ ቆየ። እኔም መጀመሪያ በሥራው ምክንያት ነበር የመሰለኝ።

በኤክስ የተጻፈ ስም

ለ9ኛ ክፍል ሊመዘገብ የቀን ክፍል ሲሄድ የተጠየቀው የወላጅ ወይም የአሳዳጊ የነዋሪነት መታወቂያ ነው። የመንግሥት ት/ቤት ቅድሚያ የሚሰጠው ለአካባቢው ልጅ ነው፤ የአካባቢው ልጅ መሆንህን የሚመሰክርልህ ደግሞ የወረዳው መታወቂያ። መታወቂያው ከመጣህበት ቀበሌ መሸኛ ይፈልጋል፤ እዚህም "በኔ ቤት ነው የሚኖረው" ብሎ በቤት ቁጥሩ የሚያስመዘግብህ ሰው ይፈልጋል። ልጁ ያኔ የሚያድረው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር፣ አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ ቆጥ ላይ፣ ከሰባት ሰው ጋር በአዳር እየከፈለ ነበር። አከራይዋ ልታስመዘግበው ቀርቶ የወረዳ ሰው በሩን ሲያንኳኳ "የገጠር እንግዶቼ ናቸው" የምትል ሴት ናት። ብታስመዘግበው ቤቱን ያላግባብ በማከራየት የምትጠየቀው እሷ ናት፤ ምን ታድርግ።

የቀኑ በር እንዲህ ተዘጋ። ማታ ይሻላል፤ ወርሃዊ ክፍያና የ8ኛ ክፍል ካርድ ካለህ ይመዘግቡሃል። ካርዱን አቀረበ። ነገሩ የተተበተበው እዚህ ላይ ነው።

ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚያ አጻጻፍ ኤክስ "ጠ" ነው፤ ጦሳ፣ እግዚአብሔር ለማለት፣ በኤክስ ይጀምራል። ሲ ብቻውን ሲቆም "ጨ" ነው። ቃል መሃል ድምፅ ጉሮሮ ላይ ቆረጥ ሲል ደግሞ 7 ቁጥር ይገባል፤ "ልጅ" የሚለው ቃል ራሱ ሆዱ ውስጥ 7 ይዞ ነው የሚጻፈው። የዚህ ልጅ የአባት ስም ኤክስ አለው፣ የአያቱ ስም 7 አለው።

የሪከርድ ክፍሉ ሠራተኛ ካርዱን አነበበና ስሙን ወደ አማርኛ ገለበጠው። ኤክሱ "ክስ" ሆነ። 7ቷን የታይፕ ስህተት አድርጎ ወሰዳትና ዘለላት። ልጁ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ "የአባቴ ስም እንደዚያ አይደለም" ቢል "እንግዲያው ካርዱ ያንተ አይደለማ" ተባለ። በሠራተኛው አልፈርድም፤ በሰው ካርድ መመዝገብ የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ መጠርጠር ሥራው ነው። "ከመጣህበት ማረጋገጫ ደብዳቤ አምጣ" አለው። የቤተሰቡ ቀበሌ ላለ አንድ መምህር ተደወለ፣ ደብዳቤው ተጻፈ፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ተላከ፣ ጠፋ፣ እንደገና ተጻፈ። ልጁ 9ኛ ክፍል የገባው በ2015 ነው። ፊደል ናት ያስቀረችው ብል አላጋነንኩም።

ያም ሆኖ ደብዳቤው እስከ መጨረሻው አላዋጣም። ማኅተሙ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ነው። ያ ክልል በነሐሴ 2015 ፈርሶ ወላይታ ደቡብ ኢትዮጵያ በሚባለው አዲስ ክልል ውስጥ ገባ፤ የአዲሱ ክልል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በተለያዩ ከተሞች ነው የተቀመጡት። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የተማሪዎች ማኅደር ሲጣራ "ይህ ክልል አሁን የለም" የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበት አገኘሁት። ልጁ ማስታወሻውን አይቶ አልተናደደም። "ወላይታ ግን አለ" ብቻ ነው ያለው።

"ሳባቃ"

የማስተምረው ፊዚክስ ነው። እዚህ ላይ ጉዳዩ የሪከርድ ክፍል መሆኑ ያበቃና የኔ ይሆናል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጀምሩ ሲያደርግ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩበት ክፍል በየክልሉ ተለያየ። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ እስከ 6ኛ በአማርኛ ተምሮ 7ኛ ላይ ይሻገራል። ይህ ልጅ ግን እስከ 4ኛ በወላይትኛ ተምሮ ከ5ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የቀጠለው፤ አማርኛ ለሱ እንደ ስፖርት፣ እንደ ሥዕል አንድ የትምህርት ዓይነት ነበር። 9ኛ ክፍል ላይ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይገናኛሉ ይባላል። እንዲህ ከሆነ ጭራሽ እሱ መቅደም ነበረበት።

ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፤ ስናስረዳ በአማርኛ ነው። ሁላችንም። ሱፐርቪዥን ሲመጣ እንግሊዝኛ እናወራለን፣ ሲወጣ እንመለሳለን። ማታ ክፍለ ጊዜው ያጥራል፣ ተማሪው ደክሞት ይመጣል፣ መብራት ይጠፋል፤ በአማርኛ ማስረዳት ለተማሪው ማዘን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት ስለ ሰበቃ ሳስተምር ከኋላ ወንበር እጅ ወጣ።

"ቲቸር፣ ሳባቃ ማለት ፍሪክሽን ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሳቁት በጥያቄው አይደለም፤ "ሰበቃ"ን "ሳባቃ" ስላላት ነው። ወላይትኛ የግዕዝ ድምፃችንን አያውቃትም፤ አምስት አናባቢ ነው ያለው፣ እና አንደበቱ ወደ ራብዕ ይወስዳታል። እኔም፣ አልደብቅም፣ ፈገግ አልኩ። "አዎ፣ እሱ ነው" ብዬ አለፍኩ። ልጁ ከዚያ ወዲያ ለወራት እጁን አላወጣም።

ነገሩ የከነከነኝ ቤቴ ገብቼ ነው። ልጁ ፍሪክሽንን ያውቃል። ያላወቀው የኔን ማብራሪያ ነው። የፈተና ወረቀቱን አውጥቼ አየሁ፦ ስሌት ያለበትን ሠርቷል፤ ክፍል ውስጥ በቃል ያብራራሁትን "በራስህ አገላለጽ ጻፍ" ያልኩበትን ባዶውን ትቶታል። የማርክ መዝገቤ ላይ ደግሞ ከስሙ ጎን በእርሳስ "ግዴለሽ" ብዬ ጽፌያለሁ። ሰበቃ፣ ሽምጠጣ (አክስለሬሽን)፣ ቶሎታ (ቬሎሲቲ)፦ እነዚህን ቃላት የከተማው ልጅ አማርኛ መጽሐፉ ላይ አግኝቷቸዋል፤ እሱ አይቷቸው አያውቅም። ካላወቅኸው ቋንቋ ወደምታውቀው እየተረጎምክ መማር ምን ያህል ያደክማል? እሱ ደግሞ ይህን የሚያደርገው ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ውሎ ነው።

ለሁለት ሳምንት ያህል ሁሉንም በእንግሊዝኛ ለማስተማር ሞከርኩ። ሌሎቹ ተነሱብኝ። "ቲቸር፣ በናትህ በአማርኛ ድገምልን።" እነሱም ልክ ናቸው፤ እነሱም የቤት ሠራተኞች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ የታክሲ ረዳቶች ናቸው። በመጨረሻ የያዝኩት መላ ቀላል ነው፦ የሰሌዳውን ቀኝ ጥግ በጠመኔ አስምሬ እዚያ ውስጥ የዕለቱን ቃላት በሁለቱም ቋንቋ እጽፋለሁ፤ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ አላጠፋቸውም። በሚቀጥለው ፈተና ከ20 ስድስት ያገኝ የነበረው ልጅ አሥራ ሦስት አገኘ። ሌሎች ሦስትም አብረው ከፍ አሉ፤ አንደኛዋ ከከሚሴ አካባቢ የመጣች፣ በኦሮምኛ የተማረች ልጅ ናት። ስለሷ ጠይቄም አላውቅ ነበር።

ሰኞና ሐሙስ

ወደ ተከራየው አባት ልመለስ።

በ2016 አጋማሽ የፒያሳ መልሶ ማልማትና የኮሪደር ልማት ሲጀመር ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በዚያ ሰሞን ክፍላችን በየቀኑ ይሳሳ ነበር። ቤተሰባቸው ወደ ሌሎች ሰፈሮች የተዛወረ ልጆች መልቀቂያ ለመውሰድ ይሰለፋሉ፤ ዳይሬክተሯ እየተጣደፈች ትፈርማለች። ከሰፈር ተነቅሎ መሄድ ምን እንደሆነ የእነሱ ፊት ይናገራል፤ ያን ለማሳነስ አይደለም። ግን የሚሄዱበት ቦታ ስም ነበረው። የኛ ልጅ በወረቀት ዶሮ ማነቂያ ኖሮ ስለማያውቅ በወረቀት አልተፈናቀለም። አከራይዋ ዕቃዋን ጭና ስትሄድ ቆጡም አብሮ ሄደ።

ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዘንድ ተጠጋ። ጋሞዎች ናቸው፤ ቋንቋቸው ከወላይትኛ የሚቀራረብ ስለሆነ ይግባባሉ። መኝታው ሸማ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ኪራይ አይከፍልም። በምትኩ ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት መርካቶ ወርዶ ክር ተሸክሞ ይመለሳል። የማታ ትምህርት 11፡30 ይጀምራል። ሰኞና ሐሙስ በዚያ ሰዓት እሱ ከነሸክሙ ታክሲ ወረፋ ላይ ነው። አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አይደርስም።

የሚቀርበት ምክንያት ይኸው ነበር። ለምን አልተናገረም? ጠየቅኩት። "ቢነግርስ" አለኝ፣ ስለ ራሱ ሲያወራ አንዳንዴ እንዲህ ሦስተኛ ሰው ያደርገዋል፣ "ወላጅ አምጣ ነው የምትሉት።"

የሚገርመኝ ይህ ነው። እዚህ አገር ተማሪ ማለት ድሮውኑ ከቤቱ የወጣ ሰው ነበር። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ አገር አቋርጦ ይሄዳል፤ "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲል ያልተዛመደው ሰው ቁራሽ ያወጣለታል። "አባትህ የታል?" ያለው የለም፤ የኔታ አሉ፣ መንደሩ አለ። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣም ነገሩ ተረስቶ አልነበረም። በ1917 የተከፈተው ተፈሪ መኮንን፣ በ1938 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ተማሪ ነበራቸው፤ ከጠቅላይ ግዛት የመጣ ልጅ ከፊደሉ ጋር አልጋና ምግብ ያገኝ ነበር። በርግጥ ጥቂት ልጆች ናቸው፤ ያን ዘመን ማሞጋገሴ አይደለም። ግን የሩቅ ልጅ ማደሪያ እንደሚያስፈልገው አንድ ሰው አስቦ ነበር። የዛሬው ት/ቤታችን መዝገብ ተማሪ ለመመዝገብ የተሠራ አይመስለኝም። ቤት ነው የሚመዘግበው፤ ልጁ የቤቱ አባሪ ነው። ቤት ከሌለ አባሪው የሚያያዝበት የለም። የከተማው የተማሪዎች ምገባ እንኳ የታሰበው ለቅድመ መደበኛና ለመጀመሪያ ደረጃ ልጆች ነው፤ ምሽት 11፡30 ላይ ምሳ ሳይበላ ለሚገባ የ18 ዓመት ልጅ አይደርሰውም። የማታ ተማሪ ሆድ ሲጮህ መምህር ይሰማል፤ ክፍሉ ጸጥ ሲል በተለይ።

አሁን ያለበት

በ2017 ሁለት ነገር ተለወጠ። አንዱ በማታው ክፍል ቅጽ ላይ "የወላጅ/አሳዳጊ ስምና ፊርማ" የሚለው "ኃላፊነት የሚወስድ ሰው" ተብሎ ተስተካከለ። ለዚህች አንድ መስመር ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብናል። "ነገ የመንገድ ጓደኛውን እያመጣ ያስፈርማል" ያለ ባልደረባ ነበር። ዳይሬክተሯ ቀዝቀዝ ብላ "አሁን ምን እያደረጉ ይመስልሃል?" አለችው። ያኔ ነው ያን ምሽት ነቅታ እንደነበር የጠረጠርኩት።

ሁለተኛው የሪከርድ ክፍሉ ነው። ልጁ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ኤክስ፣ ሲ፣ ኪው እና 7 ብሎ ዘርዝሮ ከጎናቸው ጠ፣ ጨ፣ ቀ ብሎ ጻፈለት። ከ7 አጠገብ "እዚህ ጋ ትንፋሽ ይያዝ" ይላል። ሠራተኛው ወረቀቱን ከጠረጴዛው መስታወት ሥር አስገብቶታል። የልጁ የራሱ ስም ግን ገና አልተቃናም፤ አንዴ መዝገብ ላይ የገባ ስም የሚታረመው በፍርድ ቤት ነው። ለጊዜው በክፍሌ መዝገብ አንድ ልጅ፣ በካርዱ ሌላ ልጅ ሆኖ ይማራል።

ወደ ቀን ክፍል የመዛወር ነገር አልተሳካም። መታወቂያ የለም። ሰኞና ሐሙስ አሁንም ይቀራል፤ የዚያን ዕለት ማስታወሻ ከሚሴዋ ልጅ ትገለብጥለታለች። መጻሕፍቱ በቴሌግራም በፒዲኤፍ ይላካሉ፤ እሱ ያለው በተን ስልክ ስለሆነ የሚያነበው ከሷ ስልክ ነው፣ ከክፍል በፊት ባለችው ሩብ ሰዓት።

ዘንድሮ 12ኛ ነው። ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ መፈተን ከጀመሩ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በመጀመሪያው ዙር 3.3 በመቶ፣ ቀጥሎ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። ቀን ተምሮ፣ አስጠኚ ተቀጥሮለት፣ ቤቱ መብራት በርቶለት የሚያጠናውም በዚያው ሚዛን ነው የሚለካው። ይህ ልጅ ያልፋል ብዬ አልወራረድም። ፊዚክስ ያልፋል።

ለፈተናው ቅጽ ሲሞላ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይዞ መጣ። ያው ሰውዬ ነው፣ ያው ኮፍያ። በዚህኛው ጊዜ ማንም አልከፈለውም። ሠራተኛው "ዝምድና?" ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ልጁን አየው፤ ልጁ ትከሻውን ሰበቀ። ሰውየው እስክሪብቶውን ተቀብሎ "የሥራ ባልደረባ" ብሎ ጻፈ፤ ጽሑፉ ከኔ ያምራል። ፈርሞ ወረቀቱን ከመለሰ በኋላ አልሄደም።

"የማታ ምዝገባ እስከ መቼ ነው?" አለ።

"ለማን?"

"ለራሴ። ከ9ኛ ነው ያቋረጥኩት።"

ሠራተኛው ከመስታወቱ ሥር ያለችውን ቁራጭ ወረቀት በጣቱ እያስተካከለ፣ "ከየት ነው የመጣኸው?" አለው።